ኦሳ መሻገሪያ ላይ ያልሞቱት

የታሪክ መምህር ነኝ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተወልጄ ያደግሁት በዚሁ ክልል፣ አቦቦ ነው፤ ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው ቀሩ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ማሚቱ ግን ዛሬም በቆሎዋን ትዘራለች፣ ዛሬም ዝንጀሮ ታባርራለች። ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ጨዋታና ከጨዋታው ስለወጣ መጽሐፍ ነው። ነገሩን ሰው በየአፉ ሲያወራው ሰምቻለሁ። እንደሆነው አድርጎ የጻፈው ግን የለም።

ጋትሉዋክን ያወቅሁት ወባ ይዞኝ ጤና ጣቢያ በሄድኩ ጊዜ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ጣቴን ወግቶ ደም ከወሰደ በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየና ቀና ሲል ስልኬን አየ። የጠፈር መርከቦች ምስል ከፍቼ ነበር።

«ይሄን ትጫወታለህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ወባ አለብህ» አለ። «ሲሻልህ ግን ና፣ እንጫወት።»

እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ሰዓት፣ ኒውላንድ ሰፈር ባለችው ክፍሌ እንገናኝ ነበር። አንድ ላፕቶፕ ነበረን፤ እንዳይግል እርጥብ ጨርቅ ባለበት ትሪ ላይ እናስቀምጠውና በየተራ እንጫወታለን። የተኩስ ጨዋታ አይደለም። ካርታ ነው፤ ጥቁር ሰማይ ላይ የተበተኑ ሦስት መቶ ያህል ከዋክብት፣ በዙሪያቸው ፕላኔቶች፣ በፕላኔቶቹ ላይ ሕዝቦች። አንዱን ሕዝብ ትመርጣለህ፣ መርከብ ትሠራለህ፣ ባዶ ፕላኔት ስታገኝ ሰው ታሰፍራለህ፣ ከጎረቤትህ ጋር ትዋጋለህ ወይም ትዋዋላለህ። አንድ ተራ አንድ ዓመት ነው። የእኔ ሕዝብ ቬላን ይባላል፣ የእሱ ዶርማ። ሌሎቹን ኮምፒውተሩ ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋል። በሰባኛው ዓመት ገደማ መዋጋት ሰለቸንና ዘጠኝ ሕዝቦችን አሰባስበን ፌዴሬሽን መሠረትን። ምክር ቤት አለው፣ ሕግ አለው፣ ድምፅ ይሰጣል። ስሙን የዘጠኙ ፀሐዮች ፌዴሬሽን አልነው።

ታሪኩን መጻፍ የጀመርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያለፈው ሳምንት የት እንዳቆምን ለማስታወስ ያህል ነበር። ቀስ በቀስ ግን እውነተኛ የታሪክ መጽሐፍ መሰለ፤ ምዕራፍ ያለው፣ የውል ሰነዶች ያሉት፣ የግርጌ ማስታወሻ ያለው። የሌሉ ቤተ መዛግብትን ዋቢ አደርጋለሁ። የሌሉ የታሪክ ምሁራንን አከራክራለሁ። አንድ ቦታ ሁለት ምሁራን በግርጌ ማስታወሻ ሲዘላለፉ ያነበበ ጊዜ ጋትሉዋክ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ ያንኑ መጽሐፍ ለማስተምር ሰው ይህ እንዴት ያለ ደስታ እንደነበር መናገር ይከብደኛል። አዲስ ታሪክ ነበረኝ፤ የሚቃወመኝም አልነበረም።

ከዚያ የኦሳ ነገር መጣ።

ኦሳ በእኔና በጋትሉዋክ ግዛት መካከል ያለች የበረዶ ፕላኔት ነበረች። ኪሪም የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩባታል፤ የፌዴሬሽኑ አባል ናቸው። ለመርከቦቻችን ነዳጅ የሚሆን ማዕድን እዚያ ተገኘ። ሕጋችን አባልን ማጥቃት ይከለክላል። ስለዚህ እኔ በምክር ቤቱ ድምፅ አሰባስቤ ኪሪሞችን ከአባልነት አስወጣሁ፤ በሚቀጥለው ተራ ጋትሉዋክ መርከቦቹን ላከ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጣች፦ ኪሪሞች ከኦሳ ጠፍተዋል።

«ይቅርታ፣ ኪሪሞች» አለ ጋትሉዋክ፤ ሚሪንዳውን አንስቶ ጠጣ። ሳቅን።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ያቺ መስመር አልለቅ አለችኝ። አንድ ሕዝብ በአንድ መስመር እንዴት ይጠፋል? ሳምንቱን ሙሉ ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ኪሪሞቹ ከከተማቸው ተባርረው ወደ በረዶው ወንዝ ሲነዱ፣ ማዶ መርከቦች ቆመው ሲጠብቋቸው፣ መሻገሪያው ላይ በረዶው ሲከዳቸው። የሟቾቹን ቁጥር 4,312 አልኩት። ስድስት የዓይን ምስክሮች ፈጠርኩ።

አራተኛዋን ምስክር ግን አልፈጠርኳትም። የእህቷን ሕፃን አዝላ ሁለት ቀን የተጓዘች ሴት ናት። ሕፃኗ ማልቀስ ካቆመች ቆይታለች። ሴትየዋ አውርዳ ማየት ፈርታ አንቀልባውን ሳትፈታ ትጓዛለች። ይህ የእናቴ ነው። ከወሎ በጭነት መኪና ሲያመጧቸው የሆነባት ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ ሁለተኛ አልደገመችውም። እኔም ሳላስፈቅዳት ወስጄ በረዶ ላይ አስቀመጥኩት።

ጋትሉዋክ በቀጣዩ ቅዳሜ ምዕራፉን አነበበ። አልሳቀም። ላፕቶፑን ሳይዘጋ ገፋ አደረገው።

«ቁጥሩን አውጣው» አለኝ።

«ለምን?»

«አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብለሃል። የሚያስፈራው አሥራ ሁለቱ ነው። ሰው አሥራ ሁለቱን ሲያይ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሬሳ ቆጥሯል ይላል።»

«ጥሩ ነዋ! እንዲታመን አይደል የጻፍኩት?»

«ወንዴ፣ ይሄ ጋምቤላ ነው» አለ። 

እኔ ግን እንደ ሙገሳ ቆጠርኩት። ቁጥሩን አልነካሁም። ምዕራፉን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቴሌግራም ላይ በከፈትኩት ቻናል ለቀቅሁት። ሰባ ያህል አንባቢዎች ነበሩኝ፤ አብዛኞቹን በመልክ አላውቃቸውም፣ አንዱ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከጅማ። «ይህን ሳነብ አለቀስኩ» ብላ አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። ሦስት ቀን ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ይህ በኅዳር ነው። በግንቦት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከከተማ በሚወጣ አንድ መንገድ ላይ ሰዎች ተገደሉ። ማን እንደገደላቸው አልታወቀም፤ ሁሉም ግን የሚያውቅ መሰለ። ባጃጆች ወደ አንዳንድ ሰፈር መሄድ አቆሙ። ሰው ገበያ ውስጥ ድምፁን ቀንሶ ማውራት ጀመረ። ከደጋ የመጣነው ሰዎች እንዲህ ባለ ጊዜ የምናደርገውን አደረግን፤ ቤታችን ተቀመጥን፣ ያልሰማን መስለን።

አንድ ሰኞ የእረፍት ሰዓት ላይ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን አቀበለኝ። «ይሄን አይተኸዋል?» አለኝ። «አንተ የታሪክ ሰው ነህ፤ እውነት ነው?»

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። የእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። የኦሳ ምዕራፍ ነው። ግን የፕላኔቷ ስም ወጥቶ የአንድ መንደር ስም ገብቶበታል። መርከቦቹ ጀልባ ሆነዋል። በረዶው ውሃ ሆኗል። የፌዴሬሽኑ ዘመን ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት ተቀይሯል። ቬላንና ዶርማና ኪሪም በነበሩበት ቦታ የዚህ አገር ሕዝቦች ስም ተተክቷል። የትኛው ስም የት እንደገባ እዚህ አልጽፍም። መንደሯንም አልጠራም። ምስክሮቹ ስድስቱም አሉ። ከላይ «ከተደበቀ ሰነድ የተገኘ» ይላል። 4,312 አልተነካም።

በማግስቱ ሌላ ቅጂ አየሁ። ቃል በቃል ያው ነው፤ ገዳዩና ተገዳዩ ብቻ ተለዋውጠዋል። አንዱ ወገን አንዱን ያነባል፣ ሌላው ሌላውን። ማን እንደቀየረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሰባዎቹ አንዱ ይሆናል፤ ወይም የሰባዎቹ ጓደኛ። ቻናሌን የዚያኑ ቀን አጠፋሁት። በጎ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስረዳው ግን ዋናው ጽሑፍ ስለ ፕላኔት እንደነበር የሚያሳየውን ብቸኛ ማስረጃ ነው በገዛ እጄ ያጠፋሁት። የቀረው ላፕቶፔ ላይና ደብተሬ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ።

ያን ማክሰኞ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ስለ ባሮ ወደብና ወደ ሱዳን ይመላለሱ ስለነበሩ የእንፋሎት መርከቦች ነበር። ኛዱዋል የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። ጎበዝ ናት፤ ስትጠይቅ አትቀመጥም፣ ቆማ ነው መልስ የምትጠብቀው።

«መምህር፣ የመሻገሪያውን ነገር ለምን አላስተማሩንም?»

 በቀኝ በኩል የተቀመጡትና በግራ በኩል የተቀመጡት እርስ በርስ ሳይተያዩ እኔን አዩኝ። ልጆቹ በወገን ተከፋፍለው መቀመጣቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«የቱ መሻገሪያ?» አልኩ።

«ያውቁታል። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው።»

በዚያች ቅጽበት መናገር ነበረብኝ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በጨዋታ ላይ ያለች የበረዶ ፕላኔት ናት» ብል ኖሮ ሃምሳ ስምንት ልጆች ለሃምሳ ስምንት ቤት ይናገሩ ነበር።  የታየኝ ግን እስር ቤት ነው፤ ከዚያም ደጃፌ ላይ የቆመ ሰው።

«በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አልኩ።

«እሱማ የለም» አለች ኛዱዋል። ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ንቀት ነበር፤ እውነት ደባቂ ሆኜባት ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ጋትሉዋክ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ነጭ ካፖርቱን አላወለቀም። ከሰላምታ በፊት «ንገራቸው» አለኝ።

«ማንን ነው የምነግረው?»

«ሁሉንም። ሽማግሌዎቹን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን። ላፕቶፑን ይዘህ ሂድና አሳያቸው።»

«ይገድሉኛል፣ ጋትሉዋክ። ያልተገደልኩም እንደሆነ እታሰራለሁ። ጸብ ቀስቃሽ ነው ይሉኛል።»

«ይሉህ ይሆናል» አለ። «እኔ ብናገር ግን ማን ያምነኛል? ስሜን ሲሰሙ ለወገኑ ይዋሻል ነው የሚሉት። አንተ ከሁለቱም አይደለህም። የጻፍከውም አንተ ነህ።»

«ትንሽ ይብረድ።»

«ምኑ ነው የሚበርደው?»

ቁልፌን አውጥቼ የቤቴን በር ከፈትኩ። ጥቂት ጠበቀኝና ሄደ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ባሮ ዳር ጸብ ተነሣ። የጋትሉዋክ ታላቅ እህት ኛጃል እዚያ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ልብስ አጣቢው፣ ገላ ታጣቢው፣ ዓሣ በላተኛው ሁሉ ያውቃታል። ጎረምሶች መጡ። ስለ መሻገሪያው እየጮሁ መጥበሻዋን ገለበጡት፤ የጋለው ዘይት እግሯ ላይ ፈሰሰ። ስትሸሽ በዱላ ክንዷን መቷት፤ ከክርኗ በታች ተሰበረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌሎች ጎረምሶች፣ እነሱም ስለ መሻገሪያው እየጮሁ፣ ከሌላው ወገን የሆነ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ እሳት ለቀቁበት። ሰውየው መረቡን ሊያወጣ ገብቶ ሁለት እጁ ተቃጠለ። ሁለቱንም የወሰዷቸው ጋትሉዋክ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ነው። ኛጃልና ዓሣ አጥማጁ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተኝተው ዋሉ፤ ሌላ ክፍል አልነበረም።

ሄጄ ላያቸው አልደፈርኩም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«ወንዳፈረው» አለችኝ። ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። «በስልክ የሚዞር ወረቀት አለ አሉ። እሙዬ አነበበችልኝ።» እሙዬ የጎረቤት ልጅ ናት።

«እማዬ...»

«ቆይ ልናገር። አንዲት ሴት አለች እዚያ ውስጥ። ልጅ ያዘለች።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «የእህቴ የዘውዴ ልጅ ናት እኮ። ሁለት ቀን አዘልኳት። መኪናው ላይ። አንቀልባውን መፍታት ፈርቼ።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ።

«ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ለአባትህ እንኳ አልነገርኩትም። ላንተ ብቻ ነው። ማን ነው እዚያ የወሰዳት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አልኩ። «ግን ለዚህ ብዬ አልነበረም። ጨዋታ ነበር።» ማብራራት ጀመርኩ፤ ስለ ፕላኔት፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ፌዴሬሽን። ስናገር እንኳ ለጆሮዬ አስጠላኝ።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «እሙዬ ስታነብ እዚህ የነበሩ ወንዶች ምን አሉ መሰለህ?» አለችኝ። «የዚችን ሕፃን ደም እንበቀላለን አሉ። የዘውዴን ልጅ። በርሃብ የሞተችን ልጅ። ሂድና አምጣት። ከዚያ አምጣት።»

ዓርብ ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩን አቶ ረታን ቢሮአቸው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሬን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ገጽ እየገለበጡ ብዙ ቆዩ።

«የማይረባ ነገር ነው የሠራኸው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ነገ ጠዋት ወላጆችና ሽማግሌዎች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ልጆቹ እንዳይጋጩ ልንመክር ነበር። እዚያ ትናገራለህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣብህን ግን አላውቅም።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሁለት አስተርጓሚዎች ነበሩ፤ አማርኛ የማይሰሙ አረጋውያን አሉ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፣ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል፣ ቀጣዩን እናገራለሁ። ደብተሩን ከፍቼ ዋናውን አነበብኩ። «ኦሳ ከሁለተኛዋ ፀሐይ አራተኛዋ ፕላኔት ናት» ስል አስተርጓሚዎቹ ተያዩ። ከኋላ ያሉ ወጣቶች ሳቁ። ያ ሳቅ ተስፋ ሰጠኝ። ላፕቶፑን አዙሬ ካርታውን አሳየሁ፤ ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው የሚያየው አልነበረም።

አንድ ጎልማሳ ተነሣ። «ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?» አለ።

«ማንም።»

«ሰነዱ እውነት ባይሆን ለምን ደነገጥክ? አስፈራርተውህ ነው።»

አዳራሹ ጉርምርምታ ሆነ። ያን ጊዜ ጋትሉዋክ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። መምጣቱን አላየሁም ነበር። መጀመሪያ በኑዌር ቋንቋ፣ ቀጥሎ በሚችላት አኙዋክኛ፣ በመጨረሻ በአማርኛ ተናገረ።

«መርከቦቹ የእኔ ነበሩ። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ሚሪንዳ እየጠጣን ነበር።» እጁን ዘርግቶ ለሁሉም አሳየ፣ ሰው ለምን እንደሚያሳየው ባያውቅም። «በዚህ እጅ የእህቴን ክንድ አስሬያለሁ። የእሱንም ወንድም ቁስል አጥቤያለሁ።» ወደ ዓሣ አጥማጁ ወንድም አመለከተ። «ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?»

ብዙ ሰው አቀረቀረ። አምነውናል ብዬ ሳስብ ነው ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው የተነሡት። አባባ ኦቻላ ይባላሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃል ይመርጣሉ።

«መምህር» አሉኝ። «ወንድሜ ኡመድ በጀልባ ሄደ። አልተመለሰም። ሠላሳ አንድ ዓመት። የት ሞተ? ማንም አልነገረኝም። ይሄ ወረቀት ነገረኝ። እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው አለኝ። ልጄ ሲያነብልኝ አለቀስኩ። ከዚያ ተኛሁ፤ ደህና ተኛሁ። አሁን አንተ ትወስድብኛለህ?»

አስተርጓሚዎቹ ይህን ሲተረጉሙ እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ ነበር።  «ይቅርታ፣ አባባ» አልኩ። «መሻገሪያው የለም። ወንድምዎ እዚያ አልሞተም።» እሳቸው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያን ቀን ከሰዎቹ ሁሉ ይበልጥ የበደልኩት እሳቸውን መሰለኝ።

ስብሰባው በጭብጨባ አልተፈታም። ከሁለቱም ወገን የሆኑ ስምንት ሽማግሌዎች አብረው ተነሥተው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ፤ ኛጃልንና ዓሣ አጥማጁን ጠየቁ። ይህን ከተማው አየ፤ ከእኔ ንግግር ይልቅ የጠቀመው እሱ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «መምህሩ ተገዶ ካደ» የሚል አዲስ ጽሑፍ መዞር ጀመረ። በሰኔ ነገሩ በረደ፤ ዝናቡ ይሁን፣ መንገዱ መከፈቱ ይሁን፣ መድከም ይሁን አላውቅም። ጽሑፉ ግን ዛሬም አለ። ባለፈው ወር ፑኝዶ ያለ አንድ ሱቅ ውስጥ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ።

ለጥያቄ ተጠርቼ ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። ታሪክ እንዳላስተምር ተደረገና ቤተ መጻሕፍት ተመደብኩ። ኛዱዋል አንድ ቀን መጣች። ጠረጴዛዬ ፊት እንደ ልማዷ ቆማ «ሌላውስ?» አለችኝ። «ዓመቱን ሙሉ ያስተማሩን ሌላው እውነት ነው?»

ተቆጥታ አልነበረም። ፈርታ ነው። ስለ ባሮ ወደብ የሚናገሩ ሦስት መጻሕፍት አወጣሁላትና አንድ ላይ ዘረጋናቸው። ሦስቱ የማይስማሙበትን ስትፈልግ ዋለች። በማግስቱም መጣች። አምናኝ ግን አይደለም የምትመጣው፤ ስሳሳት ልትይዘኝ ነው። ደግ አደረገች።

የኛጃል ክንድ ተጣሞ ነው የገጠመው። መጥበሻዋን በግራ እጇ ታገላብጣለች። ዓሣ ልበላ ስሄድ ትሸጥልኛለች፤ አታዋራኝም። ጋትሉዋክ በመስከረም ፑኝዶ፣ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያው አጠገብ ያለ ጤና ጣቢያ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር።

«ቂም አልያዝኩብህም» አለኝ። «ግን ሰኞ አየኸው፤ ሐሙስ ነው የተመታችው። በመካከል ስንት ቀን አለ?»

«ሁለት።»

«ሁለት» አለ። ጨበጠኝና ሄደ። ፑኝዶ ስሄድ ምሳ እንበላለን፤ ስለ ሥራው ይነግረኛል፣ ስለ እናቴ ይጠይቀኛል። ስለ ፌዴሬሽኑ አንሥተን አናውቅም።

በጥቅምት አንድ ጠዋት አባባ ኦቻላ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወንበር አቀረብኩላቸው። ዙሪያውን፣ መደርደሪያዎቹን፣ አዩ።

«መጻፍ ትችላለህ» አሉኝ። «የወንድሜን ጻፍ።»

ወረቀት አወጣሁ። ስሙን ነገሩኝ፤ የአባቱን፣ የአያቱን። ጀልባውን ራሱ ጠርቦ እንደሠራ፣ በቀኝ ጎኗ እንደምታዘነብል። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ አንድ ጥርሱ ስለወለቀ። እየጻፍኩ እሄዳለሁ። የሄደበት ቀን ላይ ስንደርስ ዘንጋቸውን አንሥተው ወረቀቱን ነካ አደረጉት።

«እዚህ መሻገሪያውን አስገባ።»

«አልችልም፣ አባባ።»

«ያኛውን ጽፈህ የለ? ይሄን ምን ከለከለህ?»

«መሻገሪያው ስለሌለ።»

ተነሥተው ወጡ። ሳይሰናበቱኝ ነው የወጡት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ግን በሩ ተከፈተና ገቡ። ያችኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ወንድሜ ኡመድ የት እንደሞተ አላውቅም።»

ጻፍኩ።

«አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሄደበት ጠዋት የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው እንደሰጡት፣ ትኩስ ስለነበር ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያገላበጠ ወደ ወንዙ እንደወረደ ነገሩኝ፤ እኔም እሱን ጻፍኩ።